የጋሼ ጎን፦ አልማዝ ባለጭራ፣ ከርቤና ሚጥሚጣ በድሬዳዋ

የድሬዳዋ ግንቦት ያለ ቬንትሌተር አይታለፍም። ጋሼ ግን "አጥፉልኝ!" ይሉ ነበር። ነፋሱ ግራ ጎናቸውን ሲነካቸው በምላጭ እንደተቆረጠ ሰው ይሸማቀቃሉ። ስለዚህ ሙቀቱን መረጡ። ሸሚዝ አይለብሱም። ሽርጣቸውን አሸርጠው፣ ግራ ክንዳቸውን ከጎናቸው አርቀው፣ ላባቸው በደረታቸው እየወረደ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ማታ አንሶላ ከነካቸው አለቀ፣ እንቅልፍ የለም።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። የምሠራበት መድኃኒት ቤት ከቀፊራ ገበያ ብዙ አይርቅም። ጋሼ ደግሞ ጎረቤቴ ናቸው። ይህን ጉዳይ እንድጽፈው እሳቸውም ባለቤታቸው እትዬም ፈቅደውልኛል፤ ስም ግን አልጠራም። የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ከቤቱ ከርቤና ዳማከሴ ለማይጠፋ ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው እንደ እኔ ነጭ ጋዋን ለብሶ ባንኮኒ ጀርባ ለሚቆም ባለሙያ። በጋሼ ጉዳይ ሁለታችንም ተሳስተናል።

ጋሼ 71 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በምድር ባቡር ወርክሾፕ በመካኒክነት ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማዋም አብራው ተቆረቆረች። ለዚህ ነው የድሮ የባቡር ሰው በድሬ ክብር ያለው። ጋሼ የደም ግፊት አለባቸው፤ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም በቀን አንዴ ይወስዳሉ። ስኳር የለባቸውም። ከሰዓት በኋላ ጫት ይቅማሉ። ይሄንን ሐኪም ሲጠይቃቸው ግን አይናገሩም ነበር።

ነገሩ የጀመረው የካቲት ውስጥ ነው። ከግራ ጡታቸው ሥር ተነስቶ በጎን በኩል ወደ ጀርባ የሚዞር ማቃጠል ያዛቸው። ቆዳው ላይ ምንም የለም። ጋሼ "ጋዝ ነው" አሉ። እትዬ "ምች ነው" አሉ። በሦስተኛው ቀን ቀያይ እብጠቶች ወጡ፣ በማግስቱ ውኃ ቋጠሩ። በአንድ ወገን ብቻ፣ ልክ እንደ ግማሽ ቀበቶ። እትዬ ይሄን ሲያዩ ሐሳባቸውን ቀየሩና "ሸረሪት ሸንታባቸው ነው" አሉ። ስሙን በትክክል የጠራችው ለጥየቃ የመጣች ጎረቤት ናት። "አቦ፣ ይሄማ አልማዝ ባለጭራ ነው!"

ጋሼ ያን ስም ሲሰሙ ጸጥ አሉ። ከዚያ በኋላ ሸሚዛቸውን ቆልፈው ለማንም አላሳዩም። ምክንያቱን የነገሩኝ ከወራት በኋላ ነው። ኤች አይ ቪ አገሩን ባስጨነቀበት ዘመን አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ወዲያው ይጠቆምበት ነበር። የሥራ ጓደኛቸው ላይ ሲደርስ አይተዋል። በ71 ዓመታቸው ያ ጣት ወደ እሳቸው እንዲዞር አልፈለጉም።

ስለዚህ በሽታ ማወቅ ያለብን ነገር እዚህ ላይ ነው። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው በልጅነታችን ጉድፍ ያወጣብን ቫይረስ ራሱ ነው። ጉድፉ ሲድን ቫይረሱ አይሞትም። ከአከርካሪ አጥንት አጠገብ፣ ነርቮች በሚነሱበት ቦታ ተደብቆ ለብዙ ዓመታት ይተኛል። የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነቃል። ከዚያ የተኛበትን ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወርዳል። በአንድ ወገንና በአንድ መስመር የሚወጣው ለዚህ ነው። ኤች አይ ቪ መከላከያን ያደክማል፣ እውነት ነው። በተለይ በወጣት ሰው ላይ አልማዝ ባለጭራ ሲታይ ምርመራ ይመከራል። ዕድሜም ግን ብቻውን ይበቃል። ጋሼ በኋላ ተመርምረው ነፃ ሆነው ተገኝተዋል። ያ ሁሉ መደበቅ በከንቱ ነበር።

መደበቁ ያስከፈለው ደግሞ ከባድ ነው። ለዚህ ቫይረስ አሲክሎቪር አለ። 800 ሚሊግራም፣ በቀን 5 ጊዜ፣ ለ7 ቀን ይወሰዳል። በደንብ የሚረዳው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። እነዚያ 72 ሰዓታት በጋሼ ቤት በሌላ መድኃኒት አለፉ።

መጀመሪያ ዳማከሴ መጣ። እትዬ ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው በአፍንጫ አሸተቷቸው። ጭማቂውን በቡና አጠጧቸው። ቀጥሎ ከርቤን በጸበል ዘፍዝፈው በጥጥ እብጠቱ ላይ ነካ ነካ አደረጉ። ከፊት ለፊት ያለችው ሙስሊም ጎረቤታቸው ደግሞ የሀበሱዳ ዘይት በብልቃጥ ይዛ መጣች። "ከሞት በስተቀር ለሁሉም ፈውስ አለበት" የሚለውን የነቢዩን ቃል ጠቅሳ ለእትዬ ሰጠቻቸው። እትዬም በስሱ ቀቡላቸው። ድሬ እንዲህ ናት። ሰው ሲታመም የሰፈሩ መድኃኒት ሁሉ አንድ ጎን ላይ ይገናኛል። እኔ ይሄን ፍቅር በምንም አልለውጠውም።

በስድስተኛው ቀን ልጃቸው አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዳቸው። ጋሼ ሸሚዛቸውን የገለጡት እስከ ግማሽ ነው። ያያቸው ባለሙያ የቆዳ ኢንፌክሽን ነው ብሎ አሞክሲሲሊንና ዲክሎፌናክ ጻፈላቸው። ማዘዣውን ይዞ ወደ እኔ የመጣው ልጃቸው ነው። እኔም ቆጥሬ፣ አሽጌ፣ አወሳሰዱን ጽፌ ሰጠሁት። ምን ሆነው ነው? ከመቼ ጀምሮ? እስካሁን ምን አደረጋችሁላቸው? ብዬ አልጠየቅሁም። መቶ እርምጃ ሄጄ ላያቸው እችል ነበር። ያን ቀን ሰልፍ ነበር። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሽፍታው በአራት ሳምንት ገደማ ደረቀ። ቅርፊቱ ረገፈ፣ ጠባሳው ቀረ። ሕመሙ ግን ወይ ፍንክች!

ጋሼ ሕመማቸውን በሦስት ይከፍሉታል። አንደኛው ቀን ከሌት የማያቋርጥ ማቃጠል ነው። ሁለተኛው ድንገት የሚመጣ ንዝረት ነው፤ "ሾርት ያደርጋል" ይላሉ። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። ጨርቅ ሲነካቸው፣ ነፋስ ሲያልፍባቸው፣ የልጅ ልጃቸው ስታቅፋቸው የሚነሳው። ከ10 ስንት ይሰጡታል ብዬ ስጠይቃቸው "ቀን 6፣ ማታ 9" አሉኝ። ይሄ ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ የሚቀር የነርቭ ሕመም ነው። ሽፍታው ከወጣ ከሦስት ወር በኋላም ካለ ስሙ ይጸናል። ዕድሜ በገፋ ቁጥር የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ዲክሎፌናክ ይውጡ ነበር። ከእኔ ጋ፣ ከሌላ ቦታ፣ ከጓደኛ ኪስ። ጨጓራቸው መቃጠል ጀመረ። ግፊታቸውን ስለካው 165 በ95 ሆኖ አገኘሁት። እንዲህ ዓይነት መድኃኒቶች ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ለሕመማቸው ደግሞ ምንም አልፈየደላቸውም። "አንቺ ልጅ፣ ይሄ መድኃኒት ፎርጅድ ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ፎርጅድ አልነበረም። በተሳሳተ በር የገባ እንጂ።

የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ ራሱ ከዛፍ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ የደረቀ የአኻያ ቅርፊት ፈጭቶ ትኩሳት ላለባቸው ሰዎች እንደሰጠ ለለንደን የሳይንስ ማኅበር ጻፈ። በ1828 ዮሐን ቡክነር የሚባል ጀርመናዊ ከቅርፊቱ ሳሊሲንን ለየ። በ1897 ባየር ኩባንያ ውስጥ ፌሊክስ ሆፍማን አሴቲልሳሊሲሊክ አሲድን ሠራ። በ1899 አስፕሪን ተብሎ ተሸጠ። እንዴት እንደሚሠራ የታወቀው ግን በ1971 ነው። ጆን ቬን አስፕሪን ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ነገሮችን እንዳይሠራ እንደሚያግድ አሳየ። ፕሮስታግላንዲን ሲበዛ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያማል። ዲክሎፌናክም የሚገባው በዚሁ በር ነው። ላበጠ ጉልበት፣ ለታመመ ጥርስ ጥሩ ነው። የጋሼ ጎን ግን እብጠት የለውም። ቫይረሱ ነርቩን አቁስሎት ነው የሄደው። ነርቩ ምንም ሳይነካው "ተቃጠልኩ" እያለ ወደ አንጎል ይልካል። ይሄን ስነግራቸው ቶሎ ገባቸው። "ሞተሩ ደህና ነው፣ ሽቦው ነው የተላጠው" አሉ። ከዚያ ወዲህ እኔም ለሌሎች ታካሚዎች የምገልጸው በእሳቸው ቃል ነው።

ስለ ከርቤ ትንሽ ልቆይ። እትዬ ከርቤውን ያደረጉት በባዶ እምነት አይደለም። ከድሬዳዋ ወደ ምሥራቅ፣ ቆላማው ሶማሌ ምድር ላይ የከርቤ ዛፍ ይበቅላል። ሶማሌዎቹ መልመል ይሉታል። ገበያው ላይ እንደ ደረቀ ቡናማ ሙጫ ሆኖ ይሸጣል፤ ሲቀምሱት መራራ ነው። ለጌታ በጎልጎታ ከርቤ የተቀላቀለበት የወይን ጠጅ እንደቀረበለትና እንዳልተቀበለው በማርቆስ ወንጌል እናነባለን። እ.ኤ.አ. በ1996 በጣልያን ፍሎረንስ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን የቆየ ልማድ በላቦራቶሪ ፈተኑት። ከከርቤ ውስጥ ሰስኩቴርፒን የሚባሉ ውህዶችን ለዩ። ለአይጦች ሰጧቸውና በሞቀ ሳህን ላይ አስቀመጧቸው። አይጦቹ ሙቀቱን ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ቻሉት። ሞርፊንን የሚያከሽፈው ናሎክሶን ሲሰጣቸው ደግሞ የከርቤው ማስታገሻነት ጠፋ። ማለትም ከርቤው የሚሠራው አንጎል ውስጥ ሞርፊን በሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ይሄን ለእትዬ ሳወራቸው ዓይናቸው በራ። "አላልኩም!" አሉ። አዎ፣ ብለዋል። ግን አንድ ነገር ጨመርኩላቸው። አይጦቹ የተሰጣቸው ከከርቤ ተጣርቶ የወጣ፣ መጠኑ የታወቀ ውህድ ነው፤ ያገኙትም በአካላቸው ውስጥ ነው። በጸበል ተዘፍዝፎ ቆዳ ላይ የተቀባ ከርቤ አንጎል ድረስ አይሄድም። ከርቤ ጀርምን የመከላከል አቅም ስላለው ቁስሉ ላይ ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ለተላጠው ሽቦ ግን አልደረሰለትም። ሀበሱዳውም እንዲሁ ነው። በውስጡ ያለው ታይሞኪኖን እብጠትን እንደሚቀንስ ብዙ የእንስሳት ጥናት አለ። የጋሼ ችግር ግን እብጠት አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ጋሼን ለጥቂት ሰዓት ያሳርፋቸው የነበረው ጫት ነው። "ምርቃናው ሲመጣ ጎኔን እረሳዋለሁ" ይላሉ። ውሸት አይደለም። ጫት ውስጥ ካቲኖን አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ የተለየ፣ ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ቅመም ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚበላሽ ነው ከአወዳይ የሚመጣው ጫት እርጥቡን በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ የሚጫነው። ካቲኖን ንቁ ያደርጋል፣ ሐሳብን ይስባል፣ ሕመምንም ያስረሳል። ማታ ግን ሒሳቡን ያስከፍላል። እንቅልፍ ይነሳል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ያልተኛ ሰው ደግሞ የነርቭ ሕመሙ ይብስበታል። የጋሼ "ማታ 9" ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ጫት አምፒሲሊንንና በመጠኑም አሞክሲሲሊንን በደንብ እንዳይመጠጡ እንደሚያደርግ የመን ውስጥ በተሠራ ጥናት ታይቷል። እኔ መድኃኒቱን ስሰጥ ይሄንንም አልጠየቅሁም።

ከዚያ የሚጥሚጣው ሌሊት መጣ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። ከገጠር ለለቅሶ የመጣ ዘመድ እቤታቸው አደረ። የጋሼን ስቃይ ሲያይ አዘነ። "እኛ ጋ ሚጥሚጣ በዘይት ለውሰው ያስሩበታል፣ እሳትን በእሳት ነው" አለ። እትዬ ተስፋ ቆርጠው ስለነበር እሺ አሉ። የቤት ሚጥሚጣ በሰሊጥ ዘይት ለወሱ። ከጡት ሥር እስከ ጀርባ ቀቡ። ነጠላ ቀደው በላዩ ጠቅልለው አሰሩበት። ጋሼ ሲያኩት የላጡት ቦታ ነበር፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ሁለት ቦታ። እሱም ተቀባ።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ በሬ ተደበደበ። የልጅ ልጃቸው ናት። ስደርስ ጋሼ ግቢ ውስጥ ቆመው በጆግ ውኃ እያፈሰሱባቸው ነው። ጩኸታቸው እስከ መንገድ ይሰማል። እትዬ በተቀባ እጃቸው ዓይናቸውን አሽተው እሳቸውም ያለቅሳሉ። ውኃው ደግሞ ነገሩን አባሰው። ሚጥሚጣውን ከጎን ወደ ሆድና ወደ ብብት አወረደው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ውኃውን ማስቆም ነው። የሚጥሚጣ እሳት ካፕሳይሲን ይባላል፤ ውኃ ውስጥ አይሟሟም። በዘይት ግን ይሟሟል። ስለዚህ ጓንት አድርጌ ንጹሕ ዘይት በጥጥ እየነከርኩ ጠረግሁት። ጥጡን እየጣልኩ፣ እየቀየርኩ። ከዚያ በሳሙና አጠብኩት። ከዚያ እንደገና ዘይት፣ እንደገና ሳሙና። በመጨረሻ ቀዝቃዛ ወተት የነከረ ጨርቅ አደረግንበት። የእትዬን ዓይን በብዙ ንጹሕ ውኃ አጠብን። ወደ 8 ሰዓት ሲጠጋ ጋሼ ተቀመጡ። የተላጡት ሁለት ቦታዎች አብጠው ቀልተዋል። የቤት ሚጥሚጣ ጨው እንዳለበት አስታውሱ። ቁስል ላይ ጨው ነው የጨመሩበት።

በነጋታው ዘመድየው አንገቱን ደፍቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በእሱ አልፈርድም፤ ያደረገው አዝኖ ነው።

በአምስተኛው ቀን ግን ጋሼ ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ። "አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ። ከጀርባዬ በኩል፣ ቆዳው ደህና በነበረበት፣ ማቃጠሉ ቀነስ ብሏል።" አላመንኩም። ዓይናቸውን አስጨፍኜ በጥጥ ጫፍ እየነካሁ ፈተንኳቸው። ልክ ናቸው። ሚጥሚጣው በደህና ቆዳ ላይ በቆየበት ቦታ ጥጡ አያስጮሃቸውም። በተላጠው ቦታ ዙሪያ ግን እንደውም ብሶባቸዋል። አንድ ጎን፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ሚጥሚጣ፣ ሁለት የተለያየ ውጤት። ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ የጥጥ ጫፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቆዳችን ውስጥ ባሉ የሕመም ነርቮች ጫፍ ላይ ትናንሽ በሮች አሉ። ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀት ሲነካቸው ይከፈቱና "እሳት!" ብለው ይጮኻሉ። አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ1997 ይሄን በር ያገኘው በካፕሳይሲን እየፈለገ ነው። ሚጥሚጣ ያንኑ በር ያለ እሳት ይከፍተዋል። ምግቡ ቀዝቅዞ እንኳ አፋችን የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ጁሊየስ ለዚህ ሥራው በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ኖቤል ተሸልሟል። ለመድኃኒትነቱ ዋናው ነጥብ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በሩ በካፕሳይሲን ደጋግሞ ወይም ለረጅም ጊዜ ሲከፈት የነርቩ ጫፍ ይደክማል፣ ይደነዝዛል፣ ለሳምንታትም ወደ ኋላ ይሸሻል። ካፕሳይሲኑ ሲቆም ቀስ በቀስ ተመልሶ ያድጋል። "እሳትን በእሳት" ያለው ዘመድ ሐሳቡ ትክክል ነበር።

ሳይንሱም ይሄንኑ መንገድ ሄዷል። 0.075 በመቶ ካፕሳይሲን ያለበት ቅባት ለነርቭ ሕመም ይታዘዛል። በ1 ግራም ቅባት ውስጥ 0.75 ሚሊግራም ማለት ነው። ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ ደግሞ 8 በመቶ የሆነ ፕላስተር በአሜሪካ ለዚሁ ሕመም ተፈቅዷል። እሱን ታካሚው ቤት አይወስደውም። ባለሙያ ጓንት አድርጎ፣ ባልቆሰለ ቆዳ ላይ፣ ለ60 ደቂቃ ብቻ ለጥፎ ያነሳዋል። አንዱ ልጠፋ እስከ ሦስት ወር ሊያሳርፍ ይችላል። ወደ ቤት ሚጥሚጣ ስንመጣ ግን መጠኑን ማን ያውቃል? በጣም በሚያቃጥሉ ቃሪያዎች ውስጥ ያለው ካፕሳይሲንና ዘመዶቹ ከደረቁ ክብደት ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የዚህ ገበያ ሚጥሚጣና የዚያ ገበያ ሚጥሚጣ አሥር እጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ። በዘይት ሲለወስ ወደ ቆዳ በደንብ ይገባል፣ ሲታሰር የበለጠ ይገባል። ሰዓት የያዘለት ሰው የለም። ቁስልና ደህና ቆዳም አልተለየም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ሚጥሚጣም በርበሬም ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ተክሎች ናቸው። ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት እኛ አገር አልነበሩም። ከርቤ ከጥንት ጀምሮ የእኛው ነው፣ ሚጥሚጣ ግን የቅርብ እንግዳ ነው። ስለዚህ ስለ ሚጥሚጣ "የጥንት አባቶች መድኃኒት ነው" ሲባል ቆም ብላችሁ ስሙ።

ጋሼን ወደ ሆስፒታል አብሬያቸው ሄድኩ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ተናገሩ። ዳማከሴውን፣ ከርቤውን፣ ሀበሱዳውን፣ ሚጥሚጣውን፣ ጫቱን። ሐኪሟ አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። አንድ በአንድ ጻፈችው። የጋሼ ትከሻ ሲወርድ አየሁት። የኤች አይ ቪ ምርመራውን የተስማሙትም እዚያው ነው። ከዚያ የልብ ምርመራ በኢሲጂ ተደርጎላቸው አሚትሪፕቲሊን 10 ሚሊግራም፣ ማታ ማታ ታዘዘላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ 25 ከፍ አለ።

መድኃኒቱን ሊተዉት ነበር። የልጅ ልጃቸው ስልኳ ላይ ፈልጋ "ይሄ የድብርት መድኃኒት ነው" አለቻቸው። "እኔ እኮ እብድ አይደለሁም!" ብለው ወደ እኔ መጡ። በዚህ መጠን ሲወሰድ የተላጠውን ሽቦ ጩኸት የሚቀንስ መሆኑን አስረዳኋቸው። የድሬ ሰው ማወቅ ያለበት ሌላም ነገር ነገርኳቸው። አሚትሪፕቲሊን ላብን ይቀንሳል። በዚህ ከተማ ሙቀት ላብ የቀነሰበት ሽማግሌ በቀላሉ በሙቀት ይመታል። ስለዚህ ጥላ፣ ብዙ ውኃ፣ ከአልጋ ሲነሱ ቀስ ማለት። አፍ ይደርቃል፣ ሽንት ሊያስቸግር ይችላል፤ ካስቸገረ ወዲያው መምጣት። ጫቱን ከዚህ መድኃኒት ጋር ልብ አይችለውም ብላ ሐኪሟ አጥብቃ ነገረቻቸው። ጨርሰው አልተዉትም። ከየቀኑ ወደ ቅዳሜ ብቻ አወረዱት።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው 0.075 በመቶውን ቅባት ላከች። የተላጡት ቦታዎች ሙሉ በሙሉ እስኪድኑ ሦስት ሳምንት አስጠበቅኋቸው። እትዬ ጓንት አድርገው በቀን ሦስት ጊዜ፣ በጣም በስሱ ይቀባሉ። አይታሰርም። ከመቀባቱ በፊት ሙቅ ውኃ አይነካም። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት አቃጠላቸው። ግን የታወቀ፣ የሚቻል ማቃጠል ነው። በአንድ ወር ውስጥ "ቀን 6፣ ማታ 9" የነበረው "ቀን 3፣ ማታ 4" ሆነ። ምን ያህሉ የአሚትሪፕቲሊኑ፣ ምን ያህሉ የቅባቱ፣ ምን ያህሉ የእንቅልፉ እንደሆነ ከአንድ ሰው ታሪክ መለየት አይቻልም። የጊዜውም ድርሻ አለበት። ይሄ ሕመም በብዙ ሰው ላይ በራሱ ቀስ እያለ ይቀንሳል።

ነሐሴ ላይ ቀፊራ ወረድኩ። እትዬ ከርቤ የሚገዙባትን ሴት ፈልጌ አገኘኋት። ከርቤ፣ እጣን፣ ሀበሱዳ፣ ቅርንፉድ፣ ጥንጁት ዘርግታ ተቀምጣለች። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እያቀላቀለች ነው የምታወራው። የጋሼን ታሪክ ስነግራት አፏን ያዘች። "ቁስል ላይ? ኧረ በአላህ! ሚጥሚጣ ቁስል ላይ ማን አድርጉ አላቸው?" አለች። እናቷ ያስተማረቻት ለወገብ ቁርጥማት ነው፤ ባልተላጠ ቆዳ ላይ፣ በጨርቅ ተለይቶ፣ ቡና አንደኛው እስኪወርድ ድረስ ብቻ። ከዚያ ይነሳል። ከፕላስተሩ 60 ደቂቃ ያነሰ፣ ከቁስል የራቀ። መጠኑን በግራም አታውቀውም፤ ጊዜውንና ቦታውን ግን ጠንቅቃ ታውቃለች። እትዬ አምስት ዓመት ሙሉ ከርቤ ሲገዙባት ይሄን አልጠየቋትም። ሚጥሚጣውን ያዘዘው አላፊ አግዳሚ ዘመድ ነው፣ አዋቂዋ ደግሞ መቶ ሜትር ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔም እዚያው አጠገብ ነበርኩ።

አሁን ማዘዣ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ "ምን ቀቡበት? ምን ጠጡለት?" እላለሁ። ሰው መጀመሪያ ያፍራል። "እናቴም ትቀባኝ ነበር" ስለው ይነግረኛል። ከሴትየዋ ጋርም ተስማምተናል። በአንድ ወገን ብቻ የወጣ ውኃ የቋጠረ እብጠት ያየ ሰው ከርቤ ሊገዛ ከመጣ ከርቤውን ትሸጥለታለች፣ ግን በዚያው ቀን ሐኪም እንዲያየው ትነግረዋለች። እስካሁን ሁለት ሰው ልካለች። አንዷ የደረሰችው በሁለተኛው ቀን ነው፤ አሲክሎቪሩን በጊዜ ጀመረች።

ጋሼ ለእንቁጣጣሽ ሸሚዝ ለበሱ። ነጭ፣ ሰፊ፣ ከውስጥ ለስላሳ ካኔተራ ያለበት። ከጡታቸው ሥር መዳፍ የምታክል ቦታ አሁንም አለች፤ ማታ ማታ ትነካካቸዋለች። ሳሎን ገብቼ እንኳን አደረሰዎ ስላቸው ቬንትሌተሩ እየዞረ ነው፣ በአንደኛው ማርሽ። የልጅ ልጃቸው ወደ ሁለተኛው ልታደርገው ስትነሳ እጃቸውን አነሱ። "ቆይ፣ እሱን እኔ ራሴ" አሉና ተነስተው አዞሩት።